ሰባት ላይ የቆመ ቆጠራ

ባለፈው ቅዳሜ ለቅሶ ልደርስ ከቡራዩ ተነሥቼ በሱሉልታ በኩል ስነዳ፣ ሬዲዮ ላይ ሁለት ሰዎች ስለ ኳስ ይከራከሩ ነበር። ዋሻው አፍ ደረስኩ፤ ገባሁ፤ ሰዎቹ አሁንም ይከራከራሉ። ከኋላዬ የሲሚንቶ መኪና፣ ከፊቴ ሚኒባስ፣ ሁላችንም ከኮረብታ ሥር ገብተን ሳለ ክርክሩ አንዲት ቃል ሳትጎድልበት ቀጠለ። ይህን ልብ የሚል ሰው የለም። ሰው ልብ የሚለው ሲቋረጥበት ነው። እኔ ግን ዋሻው መሐል ስደርስ ሁልጊዜ ሬዲዮኑን ዝቅ አደርገዋለሁ። የሚጠብቀኝ ድምፅ ያለ ይመስለኛል። ያን ዕለትም ዝቅ አደረግሁት፤ የሰማሁት የጎማ ድምፅ ብቻ ነው። የምሄደው ወደ ኦቦ ሁንዴ ለቅሶ ነበር። ይህን ልማድ ያተረፍኩትም ከእሳቸው ጋር በዋልኩት አንድ ቀን ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከቴክኒክ ኮሌጅ በወጣሁ በስድስተኛው ወር፣ ዋሻ ውስጥ ሬዲዮ የሚያስገባ አንድ ትንሽ ድርጅት ቀጠረኝ። እናቴ ይህን ለጎረቤት ማስረዳት ስለሚያቅታት «የመብራት ሥራ ነው» እያለች ትገላገል ነበር። ነገሩ ግን ያን ያህል ከባድ አይደለም። የሬዲዮ ድምፅ አየር ላይ ይበራል እንጂ ድንጋይ አይበሳም። ዋሻ ውስጥ ሃያ እርምጃ ሲገባ ጣቢያው ይንተባተባል፤ ሠላሳ እርምጃ ላይ ሹክሹክታ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሽሽ የሚል ባዶ ሽሽታ ብቻ ነው። ውስጥ መኪና ቢቃጠል፣ ያለው ሰው ውጪ ያለውን መጥራት አይችልም፤ ውጪ ያለውም ውስጥ ላለው «ውጣ» ሊለው አይችልም። ስለዚህ ኮረብታው አናት ላይ አንቴና ይተከላል። አንቴናው የያዘውን ድምፅ ማጉያ ተቀብሎ፣ በዋሻው ጣሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለተዘረጋ ወፍራም ጥቁር ኬብል ይሰጠዋል። ኬብሉ ከልባሱ ሥር በየስንዝሩ የተሰነጠቀ ነው፤ በስንጥቁ ድምፁን እያፈሰሰ ይሄዳል። ከውስጥ በእጅ መገናኛ ሬዲዮ የሚናገር ሰው ድምፅም በዚያው ስንጥቅ ገብቶ፣ አንቴናው ጋ ደርሶ፣ አገር ምድሩን ያዳርሳል። «ሌላው ሰው የሚያፈስ ነገር ሲያይ ይደፍናል፤ እኛ እንዲያፈስ ብለን እንሰቅላለን» ይሉ ነበር አለቃዬ ጋሽ መኮንን።

ጋሽ መኮንን ድሮ በጦር ሠራዊት የመገናኛ ባለሙያ የነበሩ፣ ሁለት ሹራብ ደርበው የሚለብሱ፣ ሬዲዮ ሳይፈትሹ ሰላም የማይሉ ሰው ነበሩ። ብዙ ደንብ ነበራቸው፤ ከሁሉም የሚጠብቁት ግን ስለ ናስትሮ የወጣውን ነው። የዋሻውን ድምፅ ከውጪ ስንለካ፣ የአንዱን መገናኛ የመናገሪያ ቁልፍ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በሚጠቀምበት ጥቁር ናስትሮ ጠቅልለን አስረን፣ ዋሻው መሐል መንጠቆ ላይ እንሰቅለዋለን። ቁልፉ እንደተጫነ ስለሚቀር መገናኛው ያለማቋረጥ ይናገራል፤ ማለትም በዙሪያው ያለውን ሁሉ ያወጣል። «ናስትሮ የታሰረ ሬዲዮ ለደቂቃም ጥላችሁት አትሂዱ» ይላሉ ጋሽ መኮንን። «አፉን ከፍቶ የተኛ ሰው ማለት ነው።»

ኦቦ ሁንዴ ደግሞ የዋሻው አፍ ዘበኛ ነበሩ። የሚጠብቁት አፍ የተቆፈረው በራሳቸው የሣር መሬት ላይ ነው። ሱሉልታን የሚያውቅ ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው ሁሉ ድርቆሽ ድርቆሽ እንደሚሸት ያውቃል፤ የእሳቸው ክምር ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ የእኛ የሥራ ኮንቴይነር ተቀምጧል። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማኋቸውም። ብቻ ጠዋት ጠዋት አንድ ጭብጥ እርጥብ ሣር ነጭተው አፉ ላይ ካለው ድንጋይ ያኖሩና፣ ከዚያ በኋላ «ግቢ» ይሉኛል። «ኮረብታው ከአንቺም ከእኔም በፊት ነበረ። ሰላም ሳይሉት አይገባም» አሉኝ መጀመሪያ ቀን። የሳቅሁ መሰለኝ። በወሩ እኔም ሣሩን ሳላይ መግባት እየፈራሁ መጣሁ።

ምሳቸውን የምታመጣላቸው አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማር ልጃቸው ቦንቱ ነበረች። እናቷ ከሞተች ወዲህ የቤቱ እመቤት እሷ ናት። ማዕድ ስታቀርብ «አከም ጅርቱ»፣ እንዴት ናችሁ ብላን፣ እኛን በጣቷ እየቆጠረች ኩባያ ትደረድራለች፤ እርጎውን ትቀዳለች፤ ሁልጊዜ አንድ ኩባያ ይጎድላል። የሚጎድለው የራሷ ነው። «ይህች ልጅ አገሩን ሁሉ ትቆጥርና ራሷን ትረሳለች» ይሉ ነበር አባቷ፤ እሷም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች።

በዚያ ታኅሣሥ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ነገር አገሩን አናውጦት ነበር። ጠዋት ከቡራዩ ስወጣ ሚኒባሱ ውስጥ የሚያወራ ሰው የለም፤ ረዳቱ እንኳ ዋጋውን በጣቱ ነው የሚያሳየው። እኛ መርካቶ የቤት ኪራይ ሲወደድብን ቡራዩ የገባን ሰዎች ነን፤ ኦሮምኛ የተማርኩት ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ስዘል ነው። እነዚያው ጎረቤቶቻችን ያን ሰሞን ሰላም ሲሉኝ ዓይናቸውን መሬት ላይ ያደርጋሉ፤ እኔም እንደዚያው። ማንም ማንንም የሚጠላ አይመስለኝም ነበር፤ ሁሉም ሌላው ሊናገር የሚችለውን ይፈራል። የስልክ ኔትወርክ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ከዋሻችን አፍ ቁልቁል በሚታየው አስፋልት ላይ ወታደሮች ኬላ ሠርተዋል። የፕሮጀክቱ ኃላፊዎችም «ለጥበቃ» ብለው ከእኛ መገናኛዎች አንዱን ለኬላው ሰዎች ሰጥተዋቸዋል።

ዕለቱን ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣብኝ ብርዱ ነው። ሜዳው ላይ አመዳይ ወርዶ እስከ ረፋድ አልተነሣም። ጋሽ መኮንን የጀነሬተር ናፍጣ ሊያመጡ በፒክአፑ ወደ ከተማ ወረዱ። ከመሄዳቸው በፊት አብረን ገብተን፣ መገናኛውን በገዛ እጄ በናስትሮ ጠቅልዬ፣ ዋሻው መሐል ሰቅዬዋለሁ። «ልኬቱን እንደጨረስሽ ገብተሽ አውርጂው» አሉኝ። ልኬቱን አራት ሰዓት ላይ ጨረስኩ። አላወረድኩትም። የዋሻው መብራት ገና አልተሠራም፤ ስድስት መቶ ሜትር ብቻዬን በእጅ ባትሪ መግባት ፈራሁ። ጋሽ መኮንን ሲመጡ እናወርደዋለን ብዬ ኮንቴይነሩ ውስጥ ቁጭ አልኩ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ከከተማው በኩል ተኩስ ተሰማ። ጭስ ተነሣ። ሌሎቹ ሠራተኞች ገልባጭ መኪና ላይ ተንጠልጥለው በገጠሩ መንገድ ሄዱ፤ ለእኔ ግን አለቃዬ ሳይመጡ መሄድ አልሆነልኝም። ኦቦ ሁንዴ ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብተው ከኩርሲው ላይ ተቀመጡ። ቦንቱ ያን ቀን ትምህርት ቤት ስለነበረች ምሳ አልመጣም። ከጋቢያቸው ውስጥ ጩኮ አውጥተው ቆርሰው ሰጡኝ፤ የገብሱና የቅቤው ሽታ ትንሹን ክፍል ሞላው።

ጠረጴዛው ላይ ያለው የእኔ ሬዲዮ ድምፅ ማውጫ ክፍት ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ከዋሻው የሚመጣው የውሃ ጠብታ ብቻ ነው፤ ጠብ፣ ቆይቶ ጠብ። ጆሮዬ ለምዶት ትቶታል። ከዚያ ኦቦ ሁንዴ ማኘካቸውን አቆሙ። እኔም ሰማሁ። ከጠብታው ጋር ሌላ ነገር አለ፤ ትንፋሽ ነው። አንድ ሰው አይደለም፤ ብዙ ትንፋሽ፣ እየተቀባበለ። ከኛ በቀር ሰው በሌለበት ቦታ፣ አፉን እኛ በምንጠብቀው ዋሻ ውስጥ። ኦቦ ሁንዴ ወደ በሩ አዩ፤ ጠዋት ያኖሩት ሣር ከድንጋዩ ላይ አልተነካም።

ከዚያ ድምፁ መቁጠር ጀመረ። ቀጭን፣ የታፈነ ድምፅ ነው። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን፣ ጀሃ፣ ቶርባ።» ሰባት ላይ ቆመ። ጠብታው ጠብ አለ። እንደገና ከአንድ ጀመረ፤ እንደገና ሰባት ላይ ቆመ። እኛ መገናኛ ስንፈትሽ የምንቆጥረው እንደዚያ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን። ለአፍታ ዋሻው ራሱ የእኛን ሥራ ተምሮ የሚፈትሸን መሰለኝ። ይህን ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ብቻዬን ብሆን ኖሮ ሜዳውን ሳላቋርጥ አልቆምም ነበር።

«ቦንቱ ናት» አሉ ኦቦ ሁንዴ።

አብረዋት ያሉት የትምህርት ቤቷ ልጆች ናቸው፤ ሹክሹክታቸው በኦሮምኛ ነበር። ተኩሱ ሲጀመር ከትምህርት ቤት ሮጠው፣ ኮረብታውን ዞረው፣ ዘበኛ በሌለው በታችኛው አፍ ገብተዋል። «ስንገባ ስምንት ነበርን» አለች ቦንቱ። «አንድ ሰው ውጪ ቀርቷል።» ሌላ ድምፅ «ማን?» አለ። «እንጃ፣ አይታየኝም። ራስ ራሳችሁን ዳስሼ ነው የቆጠርኳችሁ፤ ሰባት ናችሁ። እናንተ እዚህ ቆዩ፤ እኔ በላይኛው አፍ ወጥቼ ከኮረብታው ላይ አየዋለሁ።»

ላይኛው አፍ የእኛው ነው። ከኬላው ያለው ርቀት የድንጋይ ውርወራ ነው። ያን ጊዜ ነው ያሰርኩት ናስትሮ ትዝ ያለኝ። የሚሉትን ሁሉ የምንሰማው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ለኬላው የተሰጠው መገናኛም በዚያው መስመር ላይ ነው። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይላል ሰው፤ እኔ አፋፉ ላይ አንቴና ተክዬ ጠብቄያቸው ነበር።

እጄን ወደ ማጉያው ማብሪያ ሰደድኩ። እሱን ካጠፋሁት ኬላው ምንም አይሰማም። ኦቦ ሁንዴ አንጓዬን ያዙኝ።

«አታጥፊው።»

«እየሰሟቸው ነው እኮ፣ ኦቦ!»

«ብታጥፊው ልጄ ትወጣለች። ማን ይነግራታል?»

በዚያው ቅጽበት ከሬዲዮኑ የጎለመሰ የወንድ ድምፅ መጣ፤ ከኬላው ነው። «ዋሻ፣ ዋሻ። ማነው የሚቆጥረው?»

ሁለታችንም ተያየን። ከሬዲዮኑ በስተኋላ፣ በዋሻው ውስጥ፣ ቦንቱ እንደገና «ቶኮ» ማለት ጀምራለች። ከቆጠራዋ ኋላ ደግሞ ደካማ ዘፈን ይሰማል። ጎኔ ባለው የኤፍ ኤም መቆጣጠሪያ የሚሄደው ያው ዘፈን ነበር። ልጆቹ ኔትወርክ በሌለው ስልክ ሬዲዮ ከፍተዋል፤ ወሬ ይሰማሉ። አባቷ «በእኔ ኮረብታ ውስጥ ሬዲዮ ይዘፍናል» እያሉ ሲኩራሩ ሰምታ ነው መሐሉ ድረስ የገባችው። ይህ ማለት የእኛ ኬብል የሚያወጣው ይደርሳቸዋል ማለት ነው።

ለዚህ የተሠራ ነገር ነበረን፤ ማንም ነክቶት የማያውቅ ቀይ ቁልፍ ያለው ማይክሮፎን። ቁልፉ ሲጫን በዋሻው ውስጥ ያሉ ሬዲዮዎች ሁሉ ጣቢያቸውን ትተው የሚናገረውን ሰው ያሰማሉ፤ ከዋሻው ውጪ ግን ማንም አይሰማውም። ለእሳትና ለመኪና አደጋ የታሰበ ነው። ለኦቦ ሁንዴ አቀበልኳቸውና አሠራሩን በሁለት ቃል ነገርኳቸው። እኔ የጠረጴዛውን ሬዲዮ ያዝኩ። እሱ ከሁሉም ጉልበተኛ ስለሆነ እኔ ስናገር ከዋሻው የሚወጣውን ይውጠዋል፤ ኬላው የሚሰማው እኔን ብቻ ነው። የሚቆጥረውም እኔ መሆን አለብኝ።

ቁልፉን ተጫንኩ። «ኬላ፣ ከዋሻ ነው። ሙከራ ላይ ነን» አልኩ። ከዚያ ድምፄን የቻልኩትን ያህል አቅጥኜ ቀጠልኩ። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ...» ገመድ ስዘል እንደ ተማርኩት።

ኦቦ ሁንዴ ከበሩ ጥግ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ በማይክሮፎኑ በለሆሳስ ይናገሩ ነበር። በአንድ ጆሮዬ ሰማኋቸው። «ቦንቱ፣ አባትሽ ነኝ። ድምፅ እንዳታሰሚ። ከላይሽ መንጠቆ ላይ ሬዲዮ አለ፤ የሰው ጆሮ ነው፤ ጥቁሩን ናስትሮ ላጪው። በላይኛው አፍ ማንም እንዳይወጣ። በመጣችሁበት ውጡ።» ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው ይበልጥ አስጠጉ። «የጎደለ ሰው የለም። ኦፍ ለካኢ፣ ኢንተላ ኮ። ራስሽን ቁጠሪ፣ ልጄ።»

እኔ ሰባት ላይ ደርሼ ነበር። ሳላስበው «ሰዴት» አልኩ፤ ስምንት። ቁልፉንም ለቀቅሁ።

ከዋሻው የመጣው የናስትሮ መላጥ ድምፅ ነው፤ ረዥም፣ የሚቀደድ ድምፅ። ከዚያ ቀጭ አለ። ከዚያ ሽሽታ።

ኦቦ ሁንዴ ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጡ። ልጃቸው መኖሯን የሚነግራቸውን አንድ ድምፅ በገዛ አፋቸው አስጠፍተዋል። ሽሽታውን እንዳጠፋው ብጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ያን ሽሽታ አዳመጥን። ሰው ባዶ ድምፅ ያን ያህል ሲያዳምጥ በውስጡ ሁሉን ነገር ይሰማል፤ እኔ ተኩስም፣ ልቅሶም፣ ስሜ ሲጠራም ሰምቻለሁ። እሳቸው ምን እንደሰሙ አልነገሩኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከኬላው ሦስት ሰዎች መጡ። ሁለቱ ባትሪ ይዘው ዋሻው ውስጥ ገቡ። አለቃቸው፣ በዕድሜ ከእኔ አባት ብዙም የማያንስ ሰው፣ በራችን ላይ ቆመ።

«አንቺ ነሽ ስትቆጥሪ የነበርሽው?»

«አዎ።»

«ሰባት ላይ ለምን ታቆሚ ነበር?»

«ሙከራው እስከ ሰባት ነው» አልኩ።

«መጨረሻ ላይ ስምንት አልሽ።»

ወደ ኦቦ ሁንዴም አየ፤ እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። ሁለቱ ሰዎች ተመለሱ። ውስጥ ሰው የለም፤ ያገኙት መንጠቆ ላይ የተሰቀለውን መገናኛና ወለሉ ላይ የወደቀ ቁራጭ ናስትሮ ነው። አለቃው ሁለቱንም ተቀብሎ መዳፌ ላይ አኖራቸው።

«እንግዲህ ሞልቷል» አለኝ፤ ሄደ።

ያ ሰው ምን ማለቱ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ሁሉን የተረዳ ይመስለኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ የፍርሃቴ ምኞት ይሆናል እላለሁ።

ኦቦ ሁንዴ ጋቢያቸውን አደግድገው ልጃቸውን ፍለጋ ኮረብታውን ወጡ። እኔ ኮንቴይነሩ ውስጥ አድሬ በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ድንጋዩ ላይ ሣር አኑረው ቆመው አገኘኋቸው። «ስምንት ናቸው» አሉኝ። ቦንቱን ያገኟት በታችኛው መንደር ከድርቆሽ ክምር ሥር ነው፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ደህና ነበረች። ጋሽ መኮንን መንገዱ ተከፍቶላቸው ሲመጡ መገናኛውን ሳላወርድ መቅረቴን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቁራጯን ናስትሮ አገላብጠው አዩና ኪሳቸው ከተቱ። የዚያን ሳምንት ግን ከእኔ ጋር ስለ ደንብ አላወሩም፤ ቁጣ ከዚያ ይሻለኝ ነበር።

እነዚያ ልጆች ስለ ተረፉ ሰው «አዳንሻቸው» ይለኛል። እኔ ግን ፈሪ ሆኜ ያልገባሁባት ስድስት መቶ ሜትር አለች። ያን ያህል ጨለማ ፈርቼ ስምንት ነፍስ አስይዤ ነበር፤ ያስለቀቃቸው አባት ነው።

ቅዳሜ ዕለት ለቅሶው ቤት፣ ቦንቱ ወገቧን በጥቁር ነጠላ ታጥቃ እንግዳ ታስተናግድ ነበር። አሁን የራሷ ትንሽ ፋርማሲ ያላት ሴት ናት። አባቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ሬዲዮ አጥፍተው ተኝተው እንደማያውቁ ነገረችኝ፤ ሲያርፉም ራስጌያቸው ክፍት ነበር አለች። ወደ ማታ ከሁለት አክስቶቿና ከአንድ የአጎቷ ልጅ ጋር ወደ ከተማ የማደርሳት እኔ ሆንኩ። መኪናው በር ላይ ቆማ ሰው ስታስገባ አየኋት። መጀመሪያ የገዛ ደረቷን ነካች። «አኒ ቶኮ» አለች፤ እኔ አንድ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመች፣ «ለማ»፤ ወደ አክስቶቿ፣ «ሰዲ፣ አፉር»፤ ወደ ልጁ፣ «ሸን»። ሞላን።

ዋሻው ውስጥ ስንገባ ሬዲዮ ላይ ዜና ነበር። መሐሉ ላይ እንደ ልማዴ ዝቅ አደረግሁት። ከኋላ ወንበር፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ፣ ቦንቱ እንደገና ትቆጥር ነበር፤ ከራሷ ጀምራ። አባቷ ከተቀበሩ ጀምሮ ሳታለቅስ የዋለችው ልጅ አምስት ላይ ስትደርስ አለቀሰች። እኔም ዋሻው እስኪያልቅ ዝግ ብዬ ነዳሁ።